ልብ ውሃ ቋጠረ ሲባል ምን ማለት ነው?

«ልብህ ውሃ ቋጥሯል» የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ ውሃው ልቡ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ፈሳሹ የሚጠራቀመው ግን ልብን ከውጭ በሸፈነው ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ጤነኛ ሰውም በዚህ ከረጢት ውስጥ ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ አለው፤ ልብ ሲመታ ከሽፋኑ ጋር እንዳይፋተግ ይረዳል።

መንስኤዎች

በአገራችን ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች አንዱ ቲቢ ነው፤ በተለይ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ ይታያል። ሳል ባይኖርም ቲቢ የልብን ሽፋን ሊያጠቃ ይችላል። የቫይረስ ሕመም፣ የሳንባና የጡት ካንሰር፣ የኩላሊት ድክመት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ሉፐስና የደረት ጉዳትም ያስከትሉታል።

ምልክቶች

• ሲተኙ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር
• ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ቀለል የሚል የደረት ሕመም
• የእግርና የሆድ እብጠት
• ድካምና የልብ ምት መፍጠን

ፈሳሹ ትንሽ ከሆነ ምንም ምልክት ላይኖር ይችላል።

አደገኛ የሚሆነው መቼ ነው?

ከመጠኑ ይልቅ የሚያሰጋው ፍጥነቱ ነው። በሳምንታት ውስጥ ቀስ ብሎ ከተጠራቀመ ከረጢቱ ስለሚለጠጥ ከአንድ ሊትር በላይ እንኳ ሊይዝ ይችላል። በድንገት ከሆነ ግን 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ልብን ተጭኖ በደም እንዳይሞላ ያደርገዋል። ይህ ታምፖናድ ይባላል፤ ቶሎ ካልታከመ ይገድላል። ታማሚው ራሱን ከሳተ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበው፣ የአንገቱ ደም ሥር ከተገተረ ወይም ትንፋሹ በጣም ካጠረ ሳይውሉ ሳያድሩ በአቅራቢያዎ ወዳለ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት።

ሕክምናው

ሕመሙ በልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ይረጋገጣል። ፈሳሹ ልብን ከተጫነ በመርፌ ይቀዳል። ብዙ ቤተሰቦች «መርፌው ልቡን ይወጋዋል» ብለው ይፈራሉ። ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ፣ በአልትራሳውንድ እያየ መርፌውን የሚያስገባው ፈሳሹ ወዳለበት ከረጢት ነው። ጉዳት ጨርሶ አያስከትልም ባይባልም፣ ታምፖናድ ላለበት ሰው መዘግየቱ የባሰ ነው።

ሁለት ነገሮችን አይርሱ

1. እግር ስላበጠ ብለው የሚያሸና መድኃኒት በራስዎ አይውሰዱ። ልብ በፈሳሽ በተጫነበት ጊዜ የደም ግፊትን ይበልጥ ሊያወርድ ይችላል።

2. ፈሳሹ ተቀዳ ማለት በሽታው ዳነ ማለት አይደለም። መንስኤው ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ ቢያንስ 6 ወር ይወሰዳል። ትንፋሽ ሲመለስ «ድኛለሁ» ብሎ ማቋረጥ በሽታው እንዲያገረሽ ያደርጋል። የልብ ሽፋኑም ጠባሳ ሠርቶ ሊደድር፣ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን ይጨርሱ፤ በቀጠሮዎ ቀንም ይቅረቡ።