ባይበሉም የሚወጉት ኢንሱሊን

«ዛሬ እህል ስላልቀመስኩ መርፌውን ተውኩት።» የስኳር ሕመም ክትትል በሚደረግበት ክፍል ደጃፍ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሲጨዋወቱ ይህን መስማት የተለመደ ነው። ሲያዩት ምክንያት ያለው ይመስላል። ኢንሱሊን የበሉትን ስኳር የሚያወርድ ከሆነ ላልበላ ሰው ምን ያደርግለታል? ከምግብ ጋር ለሚወሰደው ፈጣን ኢንሱሊን ነገሩ ልክ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ለሚወጋውና ረጅም ሰዓት ለሚሠራው ኢንሱሊን ግን ስሕተት ነው፤ ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ደግሞ ሕይወት የሚያሳጣ ስሕተት። ይህን መድኃኒት በወጉ ለመተዋወቅ ማዕዱን ትቶ ከጉበት መጀመር ይሻላል።

ሰው ተኝቶም ጾሞም ደሙ ውስጥ ስኳር አለ፣ መኖርም አለበት። እህል በማይገባበት ሰዓት ይህን ስኳር በዋናነት የሚያቀርበው ጉበት ነው። ያከማቸውን እየፈታ፣ ሲያልቅበትም ከፕሮቲንና ከሌሎች ነገሮች አዲስ እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። በጤነኛ ሰው ላይ ይህን ሥራ ልክ የሚያስይዘው ከቆሽት ቀንና ሌሊት በጥቂት በጥቂቱ የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ያ ኢንሱሊን ሲያንስ ጉበትን የሚያቆመው የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ሲለቅ ያድራል። እራቱን ሳይበላ የተኛ ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ተለክቶ 220 ሲያገኝ «ከየት መጣ?» ብሎ ይገረማል። የመጣው ከራሱ ጉበት ነው።

የአንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት አቁሟል ማለት ይቻላል። እሱ ረጅም ሰዓት የሚሠራውን መርፌ ሲተው ሰውነቱ በስኳር ፈንታ ስብ ማንደድ ይጀምራል፣ ከዚያም ኬቶን የሚባል አሲድ በደሙ ይጠራቀማል። ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ይከተላል፤ በጊዜ ካልታከመ ራሱን ይስታል፣ ይሞታልም። ስለዚህ «አልበላሁም» ብሎ መርፌውን የተወ ወጣት የተወው ያንን በጥቂት በጥቂቱ የሚመነጨውን ኢንሱሊን ነው፤ ምግብ ኖረም አልኖረም የሚያስፈልገውን።

ኢንሱሊን ከመጀመሪያው እንዲህ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ አልነበረም። ቶሮንቶ ውስጥ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋና በየቀኑ ወደ ሞት የሚሄድ የነበረ ሕመምተኛ ሊተርፍ እንደሚችል ታየ። ያ ኢንሱሊን ግን በጥቂት ሰዓታት ሠርቶ ያልቅ ስለነበር ሕሙማን በቀን ደጋግመው መወጋት ነበረባቸው። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን በ1930ዎቹ ከዓሣ የዘር ፈሳሽ የሚገኝ ፕሮታሚን የሚባል ፕሮቲን ቢቀላቅልበት ከቆዳ ሥር ቶሎ እንደማይወጣ አየ። ከዚሁ ሥራ በ1946 የተገኘው ኤንፒኤች ዛሬም በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት በስፋት የሚሰጠው፣ ብልቃጡ ሲታይ እንደ ደመና የሚነጣው ኢንሱሊን ነው። ከመወጋት በፊት በመዳፍ መካከል ቀስ ተደርጎ የሚንከባለለውም የረጋው ከፈሳሹ ጋር እንዲዋሐድ ነው።

ኤንፒኤች ብዙ ሕይወት ያቆየ መድኃኒት ነው፤ እሱን ማንኳሰስ ውለታ ቢስነት ነው። አንድ ችግር ግን አለበት። ከተወጋ ከ4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ጉልበቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ማታ 3 ሰዓት የወሰደው ሰው መድኃኒቱ የሚበረታበት ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ነው፤ እሱ ተኝቷል፣ ሆዱ ባዶ ነው። በላብ ተጠምቆ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚነቃ ሰው ታሪክ በብዙ ቤት የታወቀ ነው። ጠዋት ሲደርስ ደግሞ መድኃኒቱ እየደከመ ስኳሩ መውጣት ይጀምራል።

የረጅም ሰዓት ኢንሱሊን አዘጋጆች ሊፈቱት የፈለጉት ይህንን ነበር። በሰፊው የሚታወቀው ግላርጂን ሲሆን ላንተስ በሚለው ስም ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የሰው ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች አሉት። ግላርጂን ላይ አንዱ ተለውጦ ሁለት ተጨምረዋል። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ኢንሱሊኑ የሚሟሟው በአሲዳም ፈሳሽ ውስጥ እንዲሆን አደረገው። ፔን በሚባለው መወጊያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አሲዳም ስለሆነ መድኃኒቱ እንደ ውኃ ጥርት ብሎ ይታያል። ከቆዳ ሥር ሲገባ አሲዱ ይጠፋና ኢንሱሊኑ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍንጣሪዎች ሆኖ እዚያው ይረጋል። አሞሌ ጨው በተላሰ ቁጥር ከላይ ከላይ እንደሚያልቅ፣ የረጋውም ኢንሱሊን ከዳርና ዳር እየሟሟ በዝግታ ወደ ደም ይገባል፤ እስከ 24 ሰዓት ድረስ፣ ጎልቶ የሚወጣ ጫፍ ሳያሳይ። ሲወጉት የሚቆጠቁጣቸው ሰዎች መኖራቸው በዚሁ አሲድ የተነሣ ነው። ከሌላ ኢንሱሊን ጋር በአንድ ሲሪንጅ መቀላቀል ፈጽሞ የተከለከለውም ለዚሁ ነው፤ ከተቀላቀለ አሠራሩ ይዛባል።

ከሱ በኋላ የመጣው ዴግሉዴክ በሌላ መንገድ ሄደ። ከኢንሱሊኑ ጋር የስብ አሲድ ተያይዟል፤ ከቆዳ ሥር እርስ በርሱ እየተያያዘ ረጅም ሰንሰለት ይሠራል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይላቀቃል። ከ42 ሰዓት በላይ ስለሚቆይ የመወጊያው ሰዓት በጥቂቱ ቢዘገይ የሚያመጣው ችግር ያነሰ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ከኤንፒኤች ይሻላሉ? የሌሊት የስኳር መውረድን በመቀነስ በኩል አዎ። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር በማውረድ በኩል ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በኤንፒኤች ስኳሩ የተስተካከለለትና ሌሊት የማይወርድበት ሰው የቀረብኝ ነገር አለ ብሎ ሊያዝን አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እነዚህን የረጅም ሰዓት ኢንሱሊኖች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። በእኔ እምነት በመጀመሪያ ሊደርሳቸው የሚገባው ሌሊት ደጋግሞ ስኳር ለሚወርድባቸውና ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ፔኑ እንምጣ። የመጀመሪያው የኢንሱሊን ፔን በዴንማርኩ ኖቮ ኩባንያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ዛሬ በብዛት የሚታየው አልቆ የሚጣለው ዓይነት ሲሆን ውስጡ 3 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ ማለትም 300 ዩኒት ይይዛል። ከፊት የላስቲክ መክደኛ ያለው የመስታወት ቱቦ፣ ከኋላ ላስቲኩን የሚገፋ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የሚዞር ቁጥር። መዞሪያውን ሲያዞሩት በእያንዳንዱ ዩኒት «ቀጭ» ይላል፤ ዓይኑ የደከመ ሰው በጆሮው ሊቆጥር ይችላል፣ ቁጥሩን ግን በመስኮቷ ማረጋገጥ አለበት። በሲሪንጅ ቀጫጭን መስመሮች ላይ 18ን ከ20 ለመለየት ሲቸገሩ ለኖሩ አረጋውያን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መርፌው ለብቻው ይሸጣል፣ በየጊዜው አዲስ ይጠመዳል። 4 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው ለአብዛኛው ሰው፣ ወፍራምም ቢሆን ይበቃል። መርፌው ፔኑ ላይ ከተጠመደ በኋላ መጀመሪያ 2 ዩኒት አዙሮ ጫፉን ወደ ላይ ይዞ መግፋት ያስፈልጋል፤ ጫፉ ላይ ጠብታ ከታየ መንገዱ ክፍት ነው፣ አየሩም ወጥቷል። ብዙ ሰው መድኃኒት ባከነ ብሎ ይህን ይዘላል። ያልታየችው ጠብታ ግን ያልተወሰደ መድኃኒት ልትሆን ትችላለች። ከዚያ የታዘዘው ቁጥር ይዞራል፣ ሆድ ላይ ከእምብርት ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ወይም ጭን ላይ ይወጋል፣ እስከ ዜሮ ይገፋል። ዜሮ ላይ ሲደርስ ወዲያው መንቀል የለም፤ እስከ 10 ቀስ ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል፣ ላስቲኩ የገፋው ፈሳሽ በቀጭኗ መርፌ ለማለፍ ጊዜ ይወስዳልና። ቶሎ የነቀለ ሰው ቆዳው ላይ ጠብታ ያያል፤ ያ የሱ ኢንሱሊን ነው።

አንድ ቦታ ደጋግሞ መውጋትም ሌላው ትልቅ ችግር ነው። ሰዎች የማያመውን ቦታ ይለምዳሉ፤ የማያመው ግን ስብ አብጦ ስለጠነከረ ነው። እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን አንድ ቀን ይዘገያል፣ አንድ ቀን በድንገት ይገባል። ስኳሩ ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ የሚልበት ሰው መጠኑን ከመጨመሩ በፊት ሆዱን በመዳፉ ይዳብስ። ያበጠውን ትቶ ወደ ጤነኛ ቆዳ የሚሄድ ከሆነም መጠኑን ስለመቀነስ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ መድኃኒቱ እዚያ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል። ፔን ደግሞ መርፌው ቢቀየርም ባልና ሚስት እንኳ አይጋሩትም፤ ደም ወደ ቱቦው ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

ያልተከፈተው ፔን ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ በረዶ የነካው ይጣላል። ሥራ ላይ ያለው ግላርጂን ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቤት ለ28 ቀን ውጭ ሊውል ይችላል። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ይህ አያስጨንቅም፤ ሰመራ፣ ጋምቤላና መተማ ግን ሌላ ነው። ፍሪጅ በሌለበት ሁለት ገንቦ አንዱን ሌላው ውስጥ አድርጎ፣ መካከሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላት ይረዳል፤ ውኃው እየተነነ ሙቀቱን ይወስዳል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ኬንያ ባለው የዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ሙቀት ተነሥተው ባደረጉትና በ2021 በታተመው ጥናት፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ሲዋዥቅ ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ጉልበቱን እንዳላጣ ተረጋግጧል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን ኢንሱሊን አይተዉም።

የጾሙ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ በላይ መነጋገር ያለብን ነው። ክርስትናም እስልምናም ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ ብዙ ሰው ግን በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳንም እስከ መግሪብ ሳይበላ መዋል ይፈልጋል። መነጋገር የሚያስፈልገው ከጾሙ ሳምንታት በፊት ነው። የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ላለበትና በቀን አንዴ ለሚወጋ የረመዳን ጿሚ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ መጠኑን ከ15 እስከ 30 በመቶ ቀንሰው ሰዓቱን ወደ ኢፍጣር ያደርጉታል። መቀነስ አንድ ነገር ነው፣ ማቋረጥ ሌላ። ስኳሩ ከ70 በታች የወረደ ሰው ጾሙን እዚያው ይፍታ፤ ሦስት ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካ። የንስሐ አባትም ኢማምም ይህን ሲሰሙ ከሕመምተኛው ጎን እንዲቆሙ ቤተሰብ አስቀድሞ ቢያስረዳቸው መልካም ነው።

«ኢንሱሊን ከጀመረ አለቀለት» የሚለው ወሬም ሰው ይጎዳል። የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ከዓመታት ጋር ቆሽትን እያደከመ ይሄዳል፤ ኪኒን የማይበቃበት ጊዜ የሚመጣው ሕመምተኛው ስላጠፋ አይደለም። ዓይንና ኩላሊት የሚጎዱት መርፌው በተፈራባቸው ዓመታት ነው። አጀማመሩም ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ በቀን 10 ዩኒት፣ ከዚያ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር እየታየ በሐኪም ምክር ጥቂት ጥቂት ይጨመራል። የሚለካ መሣሪያ ከሌለ ግን ማስተካከሉ ጨለማ ውስጥ መሄድ ነው፤ ፔን መግዛት የሚችል ቤተሰብ መጀመሪያ ለመለኪያው ያስብ።

በመጨረሻ፣ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ለእናት ለአባት ፔን ለሚልኩ። ሻንጣው ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ከገባ መድኃኒቱ በረዶ ሊሆን ስለሚችል በእጅ ይያዝ። መርፌውም አብሮ ይላክ። ስሙ ብቻ ሳይሆን ጥንካሬው ይነበብ፤ ቱጄዮ የሚባለው ግላርጂን በአንድ ሚሊ ሊትር 300 ዩኒት ነው፣ የተለመደው 100 ነው። ፔኑ ራሱ ልኩን ያውቃል፤ ከሱ በሲሪንጅ የቀዳ ሰው ግን ሦስት እጥፍ ይወጋል። ኤንፒኤችን በቀን ሁለት ጊዜ ይወስዱ የነበሩ እናት ወደ ግላርጂን ሲዞሩ ጠቅላላው መጠን ብዙውን ጊዜ ወደ 80 በመቶ ዝቅ ይላል፤ ፔኑ አልቆ ወደ ብልቃጡ ሲመለሱም መጠኑና ሰዓቱ እንደገና መታየት አለበት። ስለዚህ ከመላክ በፊት ለስንት ወር መቀጠል እንደሚቻል ተሰልቶ፣ ለሚከታተላቸው ሐኪም ተነግሮ ይሁን።