ያውንዴ ላይ የወጣው 0 ለ 0

የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ሉሲዎቹ፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ አዲስ አበባ ላይ ኡጋንዳን ሲገጥሙ እኔ ካራቆሬ ነበርኩ። በደሴው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስልክ እጠብቃለሁ። ስታዲየም የገባችው የቀድሞ ተማሪዬ ናት። እኔ በማሠለጥነው ቡድን አራት ዓመት በመሃል ተከላካይነት ተጫውታ አሁን አዲስ አበባ ትማራለች። ጨዋታውን እንድትተርክልኝ አልፈለግኩም። የሰጠኋት ሥራ አንድ ብቻ ነበር።

"ልጆቻችን ኳስ በተነጠቁ ቁጥር እስከ አምስት ቁጠሪ። አምስት ሳትደርሺ ሁለት ልጆች ኳስ የያዘችው ላይ ከደረሱ አንድ መስመር አስምሪ። ካልደረሱ ዜሮ ጻፊ።"

"ቲቸር፣ ግብ ቢገባስ?"

"ግቡን ሕዝቡ ይቆጥረዋል" አልኳት።

ከዚያ በፊት በነበረው የመጀመሪያ ጨዋታ ኡጋንዳ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈናል። በዚያ ቀን 2 ለ 0 አሸነፍን። በድምር እኩል ስለሆንን ወደ መለያ ምት ተሄደ፤ 5 ለ 4 ተሸንፈን ከአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ወጣን። ያን ምሽት ሻይ ቤቷ ውስጥ የነበረው ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን "ቡድኑ ጥሩ አቋም ላይ ነው፣ ዕድል ነው የነሳን" ይላል። ሌላው "ኡጋንዳን እንኳ መጣል ያልቻለ ቡድን ምን አቋም አለው" ይላል። ሁለቱም የያዙት ማስረጃ ያው ውጤቱ ነበር። እኔ ዝም አልኩ። መልስ ስላልነበረኝ ብቻ አይደለም፤ ይህ ጥያቄ በሥራዬ ላይ ዓመታት ያስቆጠረ ሕመም ስለሆነብኝ ነው።

የስፖርት መምህር ነኝ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሴት ልጆች ቡድን አሠለጥናለሁ። "ወቅታዊ አቋም" የሚለውን አባባል እንደማንኛውም የእግር ኳስ ሰው ቀን በቀን እጠቀምበታለሁ። በየሳምንቱ የሚጫወት ክለብ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ጨዋታዎች ደርድሮ ማየት ነው። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ግን በአብዛኛው የሚሰበሰበው ማጣሪያ ሲደርስ ነው። ማጣሪያው ደግሞ ደርሶ መልስ ነው፦ 180 ደቂቃ፣ ከዚያ ወይ ማለፍ ወይ ወደየቤት። የወደቀ ቡድን የሚቀጥለውን ማጣሪያ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይጠብቃል። እንዲህ ላለ ቡድን አምስት ጨዋታ ማለት የሁለት ዓመት ታሪክ ሊሆን ይችላል። በመካከሉ አሠልጣኝ ይቀየራል፣ አንዷ ጉልበቷን ትጎዳለች፣ አንዷ ትወልዳለች። እነዚያን ውጤቶች ደርድሮ "የቡድኑ አቋም ይህ ነው" ማለት፣ በአንድ ክረምት የዘነበውን ዝናብና በሌላ ክረምት የዘነበውን ደምሮ ስለ ዛሬው ማሳ እንደማውራት ነው።

2010 ዓ.ም.ን አልረሳውም። ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሊቢያን 8 ለ 0 እና 7 ለ 0 አሸነፍን። 15 ግብ! እኔ ራሴ ልጆቼን ሰብስቤ "አያችሁ፣ ሉሲ ደረሰች" ብዬአቸዋለሁ። ቀጥሎ የመጣችው አልጄሪያ ነበረች። እዚያ 3 ለ 1፣ እዚህ 3 ለ 2 አሸንፋን ሄደች። ዛሬ ሳስበው ከዚያ የግብ ናዳ የተማርኩት ስለ ሊቢያ ነው። ተከላካዮቻችን ጫና ሳይደርስባቸው 180 ደቂቃ ያሳለፉበት ጨዋታ፣ ጫና ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የሆነው ግን ሌላ ነው። ነሐሴ 2011 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ካሜሩን ባሕር ዳር መጣች። ካሜሩን ማለት በዚያው ክረምት ፈረንሳይ ላይ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ምድቧን አልፋ ወደ 16ቱ የገባች ቡድን ናት። 1 ለ 1 ወጣን። ሰው ሁሉ "በቃ፣ እዚያ ሄደው ይረግፋሉ" አለ። ያውንዴ ላይ 0 ለ 0 ወጡ። ካሜሩን በሜዳችን ባስቆጠረችው ግብ አለፈች፤ ሉሲ ሳትሸነፍ ወደቀች። በመዝገብ ላይ የሚታየው "ከማጣሪያው ወጣች" የሚል ብቻ ነው። በእኔ ሚዛን ግን በእነዚህ ዓመታት ካየኋቸው ውጤቶች ሁሉ ስለ ቡድኑ ጤንነት ብዙ የሚናገረው ያ 0 ለ 0 ነው፤ ከሊቢያው 15 ግብ ይበልጥብኛል።

ለምን እንደምል ላስረዳ። ካራቆሬ ቆላ ናት። ሸዋ ሮቢትም፣ አጣዬም፣ ሰንበቴም እንደዚያው። ልጆቼን ይዤ ለጨዋታ ደብረ ብርሃን ስወጣ፣ መኪናው ከደብረ ሲና ጀምሮ የጣርማ በርን ዳገት ሲያያዘውና ዋሻውን ሲሻገር ልጆቹ ከቦርሳ ሹራብ ማውጣት ይጀምራሉ። ሜዳው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ምንም አይሉም። ከዕረፍት መልስ ግን አማካዮቼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲቆሙ አያለሁ፤ ኳሱን እያዩት እግራቸው አይታዘዝም። የደብረ ብርሃን ልጆች በተራቸው እኛ ዘንድ ሲወርዱ፣ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ በፀሐዩ እንደ ጎመን ይጠወልጋሉ። እዚያ ሦስት ግብ የገባበት ቡድናችን እዚህ ሦስት ያገባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተሻሻለ ነገር አለ ብዬ ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩበት ጊዜ አለ። የተሻሻለው አየሩ ነበር።

ስለዚህ ሉሲ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የምታገኘውን ውጤት ሁልጊዜ ትንሽ ቀንሼ ነው የምይዘው። ጥቅምት 14 ቀን 2016 ናይጄሪያን 1 ለ 1 ስንይዝ አገር ተደስቷል፤ ደስታውም ይገባል። ናይጄሪያ ከሁለት ወር ተኩል በፊት በዓለም ዋንጫው እንግሊዝን እስከ መለያ ምት ያደረሰች ቡድን ነበረች። ከስድስት ቀን በኋላ አቡጃ ላይ 4 ለ 0 ተሸነፍን። ከዚህ ሁሉ አንድ ወር ቀድሞ ደግሞ፣ መስከረም ላይ፣ ብሩንዲ ከአፍሪካ ዋንጫው ማጣሪያ አውጥታናለች። በአምስት ሳምንት ውስጥ ያው ቡድን በብሩንዲ ወድቆ፣ ናይጄሪያን አቁሞ፣ በናይጄሪያ ተረትቷል። የቱን ይዘን አቋሟ ይህ ነው እንበል? ያውንዴ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከፍታው አያግዝም፣ ሙቀቱ የእነሱ ነው፣ ተመልካቹ የእነሱ ነው፣ ለማለፍ ግብ የምትፈልገው እኛ ነን። በዚያ ሁሉ መካከል 90 ደቂቃ መስመር ሳይበጠስ መቆየት የዕድል ሥራ አይመስለኝም።

አጥቂን መመዘን ከሁሉ ይከብዳል። ሎዛ አበራን እንውሰድ። የዱራሜዋ ልጅ በሐዋሳ ከተማና በደደቢት አድጋ፣ ስዊድን ሄዳ፣ ማልታ ላይ ለቢርኪርካራ ተጫውታ በአንድ የውድድር ዘመን 30 ግብ አግብታ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆናለች፤ ከዚያም ከንግድ ባንክ እስከ አሜሪካው ዲሲ ፓወር ደርሳለች። እንዲህ ያለች ተጫዋች በማጣሪያ ግብ ሳታገባ ስትወጣ "ሎዛ አቋሟ ወርዷል" ለማለት ምላስ ይፈጥናል። እኔ ልጆቼን የማሳያቸው ሌላ ነገር ነው። ሎዛን ስንት ተከላካይ ይከተላታል? ሁለት ከተከተላት፣ ሁለተኛዋ ትታው የመጣችው ቦታ የት ነው? ወደዚያ ቦታ የሮጠችው የእኛ ልጅ ማን ናት? ማንም ካልሮጠ ችግሩ መሃል ሜዳ ላይ ነው፤ ሎዛ ሁለት ሰው ይዛ ድርሻዋን ተወጥታለች።

ይህን ሁሉ የማወራው ራሴ ከባድ ስህተት ሠርቼ ስለተማርኩ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር የግራ መስመር ተከላካዬ ብቃቷ ወረደብኝ። ፈጣን ልጅ ነበረች፤ ዘገየች። ከሁሉ በላይ ያናደደኝ የእጅ ውርወራዋ ነው። ከዚያ በፊት ኳሷ እስከ ፍፁም ቅጣት ምት ክልል ትደርስ ነበር፤ አሁን አሥር ሜትር ሳትሄድ ትወድቃለች። ደብተሬ ላይ "ግዴለሽ ሆናለች" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጨዋታ በተጠባባቂ ወንበር አስቀመጥኳት። በሦስተኛው ሳምንት እናቷ ሜዳ ድረስ መጡ።

"አንቱ መምህር፣ ልጅቱ ምን አጠፋች?"

"አላጠፋችም። አቋሟ ወርዶ ነው፣ ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው" አልኳቸው።

"እንዴት አይወርድ! ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ማማ ላይ ናት። ወፉ የሚነሳው ጎህ ሲቀድ አይደል? ከማማ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት አንቱ ዘንድ፣ ሲመሽ ደግሞ ተመልሳ ማማ። ማሽላው እስኪሰበሰብ ነው እንጂ ሌላ ምን አለባት።"

ልጅቷን ጠርቼ ቀኝ ክንዷን ያዝኩት። ትከሻዋ ላይ ስነካት ፊቷን አጨማደደች። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ወንጭፍ ስትወረውር የከረመች ልጅ ናት፤ እኔ ኳስ በሩቅ አልወረወረችልኝም ብዬ ተቀይሜያታለሁ። ደብተሬ ላይ የነበረው ቁጥር ትክክል ነበር፤ ውርወራዋ በእርግጥ አጥሯል። ያነበብኩት ግን በስህተት ነው። "ለምን አልነገርሽኝም?" ስላት መሬት መሬት እያየች "ቲቸር፣ ሁላችንም እኮ ማማ ላይ ነን" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በጥቅምትና በኅዳር ልምምድ ከመጀመሬ በፊት የምጠይቀው ጎህ ሲቀድ ማን ማማ ላይ እንደነበረ ነው። ረመዳን ሲገባም ሰዓቱን ከልጆቹ ጋር ተመካክረን እንቀይራለን፤ የፆመች ልጅን ከሰዓት በኋላ ሩጫ መዝኖ ማስታወሻ መጻፍ ኃጢአት ነው።

የብሔራዊ ቡድን ተጫዋችም የራሷ ማማ አላት። ክለቧ ደመወዝ በጊዜው ይከፍላታል ወይ? ሊጉ ከተቋረጠ ስንት ሳምንት ሆነው? ከማጣሪያው በፊት አብረው ስንት ቀን ተለማመዱ? የወዳጅነት ጨዋታ አግኝተዋል? ተመልካች ስለ አቋም ሲከራከር እነዚህን ጥያቄዎች እምብዛም አልሰማም፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው የእነሱን መልስ ነው። ይህ እንዲሁ ግምት እንዳልሆነ የንግድ ባንክ የሴቶች ክለብ አሳይቶናል። በብርሃኑ ግዛው ይሠለጥኑ የነበሩት የባንክ ልጆች በ2014 ዋዜማ ናይሮቢ ላይ በቪሂጋ ኩዊንስ የሴካፋ ዞን ፍፃሜ ተሸነፉ። በኋላም በጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ሌላ ፍፃሜ አመለጣቸው። ነሐሴ 29 ቀን 2016 አዲስ አበባ ላይ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ በሴናፍ ዋቁማ ግብ 1 ለ 0 አሸንፈው ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ሞሮኮ ሄዱ። ሁለት ጊዜ ፍፃሜ ላይ ወድቆ በሦስተኛው የሚነሳ ቡድን ዓመቱን ሙሉ አብሮ የሚውል፣ አብሮ የሚለማመድ ቡድን ነው። በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ ያሉት ልጆች ብዙዎቹ እነዚሁ ናቸው። እግራቸው አልተለወጠም። የተለወጠው አብረው ያሳለፉት ቀን ብዛት ነው።

በ2004 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በግብፅ 4 ለ 2 ተሸንፈን በሁለት ሳምንት ውስጥ እዚህ 4 ለ 0 የቀለበስንበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሁሉ "ሉሲ ስትፈልግ ትችላለች" ይላል። አባባሉን አልወደውም። ልጆቹ ያልፈለጉበት ቀን ያለ ያስመስላል። ያ ቡድን ከዚያ ታንዛኒያንም ሁለቴ አሸንፎ ኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ ለተካሄደው አፍሪካ ዋንጫ አለፈ፤ እስከ ዛሬ ሉሲ የተሳተፈችበት የመጨረሻው የአፍሪካ ዋንጫ እሱ ነው። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበሩ ልጆች ዛሬ ለዋናው ቡድን የሚመረጡበት ዕድሜ ላይ ናቸው።

መለያ ምቱ ካለቀ በኋላ ተማሪዬ ደወለች። ድምጿ ተዘግቷል፤ ጮኻ ነው ወይ አልቅሳ አልጠየቅኳትም።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርህና አትቆጣኝ።"

"ምንድን ነው?"

"ሁለተኛው ግብ ሲገባ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። ሰው ረጋገጠው። ከዚያ በኋላ አልቆጠርኩም።"

"እስከዚያ ያለውስ አለሽ?"

"አለኝ፤ ጭቃ ነክቶታል እንጂ ይነበባል።"

"እንዳትጥይው። ስትመጪ ይዘሽው ነይ" አልኳት።

በዚያው ሳምንት ረመዳን ገባ። ልምምዱን ወደ ማለዳ አዞርነው። የግራ መስመሯ ልጅ፣ ያቺ የማማዋ፣ ዛሬ ታናናሾቿን ታሠለጥናለች። ከባሕር ዛፍ ከተሠራው ግብ ጀርባ ቆማ፣ ኳስ በጠፋ ቁጥር ጮክ ብላ ትቆጥራለች፦ "አንድ! ሁለት! ሦስት!..."