የዝናብ ዑደትና የቀወት በልግ

የቀወት ወረዳና በዙሪያው ያለው የይፋት ቆላ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ያገኛል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ክረምት። ሁለቱ ዝናቦች የሚመጡበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። ይህ ልዩነት በሚገባ ካልታወቀ የእርዳታውም ሆነ የዘር አቅርቦቱ ዕቅድ ከወቅቱ ጋር ሊጣጣም አይችልም።

ምድርን የከበበው ደረቅ አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ያህሉ ኦክሲጅን ነው። የዝናብ መሠረት የሆነው የውሃ ተን ከጠቅላላው አየር ከጥቂት እጅ አይበልጥም። ፀሐይ ባሕሩን ስታሞቅ ተኑ ይነሣል፤ ነፋስ ወደ የብስ ያደርሰዋል፤ አየሩ ሽቅብ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ተኑ ደመና፣ ደመናውም ዝናብ ይሆናል።

የበልጉን እርጥበት በአብዛኛው የሚያመጡት ከሕንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚነሡ ነፋሶች ሲሆኑ፣ የምሥራቁን ተረተር ሲወጡ ያዘንባሉ። በክረምት ግን ፀሐይን ተከትሎ የሰሜንና የደቡብ ነፋሶች መገናኛ ቀጠና ወደ ሰሜን ስለሚዘልቅ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ተፋሰስ አቅጣጫ የሚመጣው አየር ይበረታል። ይህ አየር ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ጣርማ በርን ተሻግሮ 1300 ሜትር ግድም ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ይታመቃል፤ ይሞቃል፤ ይደርቃል። ስለዚህ ደጋው በዝናብ ሲርስ ቆላው ፀሐይ ሊሆንበት ይችላል። የሮቢ ወንዝ ከላይ በጣለ ዝናብ ሞልቶ ሲወርድ አይቶ “የዘንድሮ ዝናብ በቂ ነው” ብሎ የሚጽፍ ተመልካች ማሳውን አላየም ማለት ነው።

የክረምቱ መጓደል መነሻ አንዳንድ ጊዜ እጅግ ሩቅ ነው። የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ ከመጠን በላይ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤል ኒኞ ሲከሠት፣ የኢትዮጵያ ክረምት አዘውትሮ ይዳከማል፤ በ1964 እና በ2007 ዓ.ም. የታየው ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ ድርቅ ሁሉ ከዚያ አይመጣም። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ሲቀርና ክረምቱም ሲደክም ኤል ኒኞ አልነበረም።

ለቀወት ገበሬ ዋናው ጉዳይ የዓመቱ የዝናብ ድምር ሳይሆን ዝናቡ የሚጥልበት ጊዜ ነው። ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ በሚያዝያ ግድም የሚዘራው በበልጉ እርጥበት ነውና። በልጉ ከቀረ ወይም ቡቃያው ከጠወለገ፣ የቀረው መንገድ በሐምሌ ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ፣ ጤፍ ወይም ማሾ መዝራት ነው። ለዚህ ደግሞ ሌላ ዘር ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ዘሩን መሬት የበላበት ገበሬ ሌላውን ከየት ያመጣል? ሐምሌና ነሐሴ መልካም ቢዘንቡ እንኳ ባዶ ማሳ አረም እንጂ እህል አያበቅልም።

ሠፈራም ከዚህ ዑደት ጋር የተያያዘ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ በአብዛኛው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስደዋል። እዚያ ዝናቡ ረጅምና አንድ ወጥ ነው። በልግን ጠብቆ መዝራት የለመደ ሰው የዘር ወቅቱን እንደ አዲስ መማር ነበረበት።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ስለ ክረምቱ ትንበያ የሚያወጣው ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ነው። የበልጉ መቅረት ግን በሚያዝያ መጨረሻ በማሳው ላይ በዓይን ይታያል። ፈጥኖ የሚደርሰው ዘር ከሰኔ ወር በፊት ወረዳው መጋዘን ከገባ ለሐምሌው እርሻ ይደርሳል፤ የኅዳር የምርት ግምገማ ተጠብቆ የሚላከው ግን እህል እንጂ ዘር ሊሆን አይችልም።