ስለ ሐይቅ ዳር ረግረግና ከሰማይ ስለሚነሣው ሥዕል

በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን በእግር የሚገባበት ባሕረ ገብ ምድር ሆኗል። የውሃ ዳርቻ እንዲህ በዝግታ ስለሚለወጥ፥ ለውጡን በዐይን ብቻ አጥርቶ ለማየት ያስቸግራል። በዘመናችን ግን ለዚህ የሚረዳ ጥበብ ተገኝቷል።

ይኸውም ሳተላይት ነው። ሳተላይት ማለት ሰው ሠርቶ ወደ ሰማይ የሰደደው፥ ምድርን እየዞረ ሥዕል የሚያነሣ መሣሪያ ነው። ላንድሳት ከተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የመጀመሪያው በሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ወጣ፤ ተከታዮቹም ሥራውን ቀጥለዋል። ኢትዮጵያም የመጀመሪያዪቱን ሳተላይቷን በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር አስወነጨፈች።

የሥዕሉ አሠራር እንዲህ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ለዐይናችን የማይታይ ክፍል አለ። ይህን ብርሃን ለምለም ቅጠል አብዝቶ ይመልሰዋል፤ ውሃ ግን ይውጠዋል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ውሃው ጠቁሮ፥ ቄጠማው ደምቆ ይታያል። የዛሬውን ሥዕል ከ30 ዓመት በፊት ከተነሣው ጋር ያስተያየ ሰው ረግረጉ የት እንደ ጠበበ ያውቃል። ነገር ግን የታኅሣሥን ከታኅሣሥ ጋር ማስተያየት ይገባል፤ በክረምት ውሃው ይሰፋል፥ ደመናም ምድሩን ይሸፍናልና።

ይህ ምን ይጠቅማል ቢሉ፥ ሐይቃችን በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ስለሌለው ከተራራ የወረደው አፈር በውስጡ ይቀራል። የዳርቻው ቄጠማ ጎርፉን አዘግይቶ አፈሩን እንደ ወንፊት ያስቀራል፤ ለዓሣም መጠጊያ ነው። ቄጠማው ታርሶ እርሻ ሲሆን ይህ ሁሉ ይጠፋል። በሐረርጌ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ውሃው ከመጠን በላይ ስለ ተቀዳ፥ ደለልም ስለ ሞላው፥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ነበር፤ በኋላ ውሃ ቢመለስበትም ነገሩ ለሁላችን ማስጠንቀቂያ ነው።

ሆኖም የሰማዩ ሥዕል ሁሉን አያይም። በዛሬው ላንድሳት ሥዕል አንዲቱ ነጥብ በየጎኗ 30 ሜትር፥ ማለት 60 ክንድ ያህል ናት፤ በየዓመቱ ጥቂት ክንድ እየተገፋ የሚታረሰውን አትለይም። ለውጡንም ታሳያለች እንጂ ምክንያቱን አትናገርም። ስለዚህ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ከውሃው ራቅ ብለው ችካል ይትከሉ፤ ከችካሉ እስከ ቄጠማውና እስከ ውሃው ያለውን ርቀት በየዓመቱ በታኅሣሥ ለክተው በመዝገብ ይጻፉ። ሽማግሌዎችም ቄጠማው ቀድሞ እስከ የት ይደርስ እንደ ነበረ፥ ማን እንዳረሰው ሳይሆን መቼና ስለ ምን እንደ ታረሰ ይንገሩ። የሰማዩ ሥዕልና የምድሩ መዝገብ ሲገናኙ፥ ስለ ዳርቻው የሚነሣው ክርክር በማስረጃ ይፈረዳል።