አራተኛው የእርግዝና ወር
(በሬዲዮ ከተሰማ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ እርግዝና አራተኛ ወር ነው። ርእሱን ሲሰማ «ይህስ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብሎ ሬዲዮውን ሊዘጋ እጁን የሚዘረጋ ባል አይጠፋም። ነገር ግን ንግግሬ ይልቁንም ለእርሱ ነውና ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

እኔም የመጀመሪያ ልጃችን በተፀነሰ ጊዜ እንደዚሁ ያለ ባል ነበርሁ። ባለቤቴ ሦስት ወር ሙሉ የቡና ሽታ እንኳ ሲያጥወለውላትና የበላችውን ሲመልሳት ቆይታ፥ በአራተኛው ወር ተሻላት። እህል አማራት፤ ፊቷም ፈካ። እኔም ደስ ብሎኝ፥ «አሁንማ ዳንሽ፤ ከጤና ጣቢያ ተሰልፈሽ ከምትደክሚ ሆድሽ እስኪገፋ ብትቆዪ ምን አለበት?» አልኋት። አማቴ ይህን ሰምተው፥ «ልጄ፥ ዝም ያለ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም» አሉኝ። በእርሳቸው ግፊት ሄደን ብትመረመር፥ ደሟ እጅግ አንሶ ተገኘ። ደረጃ ስትወጣ የሚሰማትን ድካም የእርግዝና ጠባይ ነው ብለን ንቀነው ኖሯል። ሕክምናው በጊዜ በመጀመሩ በደኅና ተገላገለች፤ እኔ ግን ያን ምክሬን ባሰብሁ ቁጥር እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ለመሆኑ በዚህ ጊዜ በእናቲቱ ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል? አስቀድሞ ስለ አቈጣጠሩ እንናገር። ሐኪሞች እርግዝናን የሚቈጥሩት የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲሆን፥ ዘመኑም 40 ሳምንት ወይም 280 ቀን ነው። በእኛ የቀን አቈጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 9 ወር ከ10 ቀን ይሆናል። በመካከሉ ጳጉሜን ከገባች 9 ወር ከ5 ቀን ነው። ስለዚህ የመጨረሻ አበባዋን መስከረም 1 ቀን ያየች ሴት ሰኔ 11 ቀን ገደማ ትወልዳለች ተብሎ ይገመታል። ሁለተኛው የእርግዝና ክፍል የሚባለው ከ14ኛው ሳምንት ሲጀምር፥ ለዚህችው ሴት በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይውላል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ እርግዝናውን የሚጠብቁትን ሆርሞኖች የማመንጨቱን ሥራ የእንግዴ ልጁ ተረክቦታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ በዝቶ የነበረውና ከማቅለሽለሹ ጋር የተያያዘው ሆርሞንም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አብዛኞቹ ሴቶች እፎይ ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን እስከ 20ኛው ሳምንት ድረስ ሊያቅለሸልሻቸው ይችላልና «እኔ ብቻ ለምን?» ብለው ሊጨነቁ አይገባም። ፅንሱ በ16ኛው ሳምንት ከራሱ እስከ መቀመጫው 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም፥ ክብደቱም ከ100 ግራም ከፍ ይላል። ይንቀሳቀሳል፤ ሆኖም የበኩር ልጇን ያረገዘች ሴት እንቅስቃሴው የሚሰማት ብዙውን ጊዜ በ18ኛውና በ20ኛው ሳምንት መካከል ነው። ቀድሞ የወለደች ግን በ16ኛው ሳምንት እንኳ ልትሰማው ትችላለች። ማኅፀኑም ከዳሌ አጥንት ወጥቶ ወደ ላይ ያድጋል፤ በ20ኛው ሳምንት እንብርት አጠገብ ይደርሳል። ማኅፀኑን የያዙት ጅማቶች ሲሳቡ በብሽሽት በኩል ውጋት ይሰማል፤ የሆድ ድርቀት፥ ቃር፥ ድንገት ሲነሡ ራስን ማዞር፥ የድድ መድማት ይከተላል። እነዚህ ሁሉ ልከኛ እስከ ሆኑ ድረስ አያስፈሩም።

ዋናው ቁም ነገር ግን የደም ነገር ነው። የእናቲቱ የደም መጠን እስከ እርግዝናው መጨረሻ ድረስ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ውኃማው የደም ክፍል ከቀዩ ክፍል ቀድሞ ስለሚበዛ ደሙ ይቀጥናል፤ ቀዩን ክፍል ለመሥራትም ብዙ ብረት ያስፈልጋል። ብረቱ ያነሰ እንደ ሆነ እናቲቱ ትደክማለች፤ በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈስሳትም የመቋቋም አቅም አይኖራትም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሴት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመክራል። እንክብሉ ሆድ ቢያደርቅና ዓይነ ምድርን ቢያጠቁርም ተደብቆ የሚጣል አይደለም፤ ውኃና ጎመን ማብዛት ይረዳል።

እዚህ ላይ የቡናችን ነገር ይመጣል። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉና፥ ከእንክብሉና ከምግቡ ቢያንስ በአንድ ሰዓት መራቅ አለባቸው። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እያሉ ሦስቱንም ከመጠጣት በአንዱ ስኒ መወሰን ይሻላል። እንክብሉን በብርቱካን ወይም በሎሚ ጭማቂ መዋጥ ግን ይጠቅማል። በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ምግብ መብላት፥ ከእንጀራው ጋር ምስርና ሽምብራን፥ እንቁላልን፥ የበሰለ ሥጋን ማዘውተር፥ አዮዲን ያለበትን ጨው መጠቀም ያስፈልጋል። ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ለፅንሱ የሚያሠጋ በሽታ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ እስክትወልድ ይቆዩ። ጠጅም ሆነ ጠላ፥ አልኮል ያለበት ሁሉ ይቅር። ኮሶንና የመሳሰሉትን መድኃኒቶች በራስ ፈቃድ መጠጣት ትልቅ አደጋ ነው፤ ለሆድ ትል ከሦስተኛው ወር በኋላ የጤና ባለሙያ የሚሰጠው መድኃኒት አለ። መጾም የምትፈልግም ሐኪሟንና የሃይማኖት አባቷን ታማክር።

አንዳንድ ቤተሰብ የሰው ዓይን ይፈራና ሆድ እስኪታይ ድረስ እርግዝናውን ይሸሽጋል። ከጎረቤት መሸሸግ የግል ፈቃድ ነው፤ ከሐኪም መሸሸግ ግን ጉዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ፥ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት፥ ሁለተኛው በ20ኛው ሳምንት እንዲሆን ያዛል። ያልጀመረች ብትኖር በአራተኛው ወር ዛሬውኑ ትጀምር። የደም ግፊት፥ የደም ማነስ፥ በሽንት ውስጥ ያለ ተሐዋሲ፥ እነዚህ ሁሉ ሕመም ሳያሰሙ ሊቀመጡ ይችላሉና በምርመራ እንጂ በግምት አይታወቁም። የመንጋጋ ቈልፍ ክትባትም በዚሁ ክትትል ይሰጣል። ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ መታየት ደግሞ የፅንሱን ዕድሜና መንታ መሆን አለመሆኑን ያስረዳል።

የቢሮ ኃላፊዎችም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝናዋ ምርመራ ስትሄድ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንዲሰጣት ደንግጓል። ስለዚህ ፈቃድ የጠየቀችውን ሠራተኛ ፊት መንሳት ከሕግም ከሰብአዊነትም ውጭ ነው።

በመጨረሻ ቀጠሮ ሳይጠበቅ፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱትን ምልክቶች ባልም ሚስትም ያጥኑ፤ ከማኅፀን ደም ወይም ውኃ መፍሰስ፥ ብርቱ የሆድ ቁርጠት፥ ትኩሳት፥ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፥ የማይለቅ ራስ ምታት፥ የዓይን መጋረድ፥ የፊትና የእጅ ማበጥ፥ መንፈራገጥ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በታየ ጊዜ «እስኪ ይንጋ» ማለት አይገባም።

እንግዲህ ባል የሆንህ አድማጭ ሆይ፥ ሚስትህ በአራተኛው ወር ስትስቅ ብታያት አብረህ ሳቅ፤ የቀጠሮዋን ቀን ግን ከአንተ ቀጠሮ ጋር ጽፈህ ያዝ፤ ብትችልም አብረሃት ሂድ። አማቴ እንዳሉት፥ ዝም ያለ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለምና።