«25 ፐርሰንት» ሲሏችሁ «የስንቱ?» በሉ

ዛሬ ከዋጋ ዝርዝሩ በፊት ስለ ፐርሰንት ትንሽ እናውራ። በድለላ ሥራዬ የማየው፣ ሰው የሚከስረው ማባዛት አቅቶት አይደለም። ፐርሰንቱ የየትኛው ዋጋ እንደሆነ ስለማይጠይቅ ነው። የጤፍ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የዛሬ የደብረ ታቦር ዋጋ አይደሉም።

1. ጨምሮ ሲወርድ
ጤፍ በኩንታል 12,000 ብር ነበር። 25% ጨመረና 15,000 ገባ። ከዚያ 25% ወረደ። «ወደ ቦታው ተመለሰ» ትላላችሁ? አልተመለሰም! ጭማሪው የ12,000 ነበር፣ 3,000 ብር። ቅናሹ ግን የ15,000 ነው፣ 3,750 ብር። ዋጋው 11,250 ገባ። ከፋርጣ አሥር ኩንታል ይዞ ለመጣ ገበሬ 7,500 ብር ጎደለ ማለት ነው።

2. የድሮውን ዋጋ ፍለጋ
«20% ጨምሮ 14,400 ገባ፤ በፊት ስንት ነበር?» ብዙ ሰው የ14,400ን 20% ቀንሶ 11,520 ይላል። ስህተት ነው። 14,400 የድሮው ዋጋ 120% ስለሆነ ለ1.20 አካፍሉት፤ 12,000 ይመጣል። ልዩነቱ በኩንታል 480 ብር ነው። ቀላል አይደለም!

3. የዶላሩ ነገር
ቡና የምትነግዱ ይቺን ልብ በሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ በንግድ ባንክ 57.48 ብር የነበረው ዶላር 74.73 ገባ። ዶላር በብር ሲለካ 30% ጨመረ። «ብር 30% ወረደ» ያሉም ነበሩ። ግን 17.25ን ለ74.73 ብታካፍሉት ብር ያጣው አቅም 23% ገደማ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

4. «ግሽበት ቀነሰ»
ግሽበት ከ20% ወደ 15% ወረደ ሲባል ዋጋ ረከሰ ማለት አይደለም። 100 ብር የነበረው ዕቃ መጀመሪያ 120፣ በዓመቱ ደግሞ 138 ገባ ማለት ነው። የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት ነው። «ግሽበት ወርዷልና ዋጋ ሳይሰበር ሽጥ» ቢሏችሁ አትቸኩሉ።

በስልክ ስትስማሙ ፐርሰንቱን ተዉት፤ «በኩንታል ስንት ብር?» ብላችሁ ቁርጡን አስነግሩ። መልካም ገበያ!