ያውቁ ኖሯል? የሚያሳየውም የሚያጠፋውም ያው ብርሃን ነው!

መቅደላ አምባ ላይ በቀትር ቆመው ያውቃሉ? ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። አምባው ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው!

ታዲያ እንዲህ ባለ ፀሐይ ላይ የተሰጣች አንዲት የሮዳሚን ቀለም ሞለኪውል በየሰከንዱ አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንዲት የብርሃን ቅንጣት፣ ትውጣለች። ሁለት ፎቶን በአንድ ጉርሻ ለመዋጥ ግን 10 ሚሊዮን ዓመት ትጠብቃለች! ሦስት በአንዴ? የጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ በሙሉ አይበቃትም!

ይህ የሁለት ፎቶን ጉርሻ ሊኖር እንደሚችል አስልታ ያሳየችው ማሪያ ገፐርት ሜየር ናት፤ በ1931 እ.ኤ.አ.፣ ሌዘር ከመሠራቱ 29 ዓመት ቀድማ! በኋላ ኖቤል ተሸለመች፤ ግን በዚህ ሳይሆን ስለ አቶም አስኳል በሠራችው ሥራ!

በ1990 እ.ኤ.አ. ዴንክ፣ ስትሪክለርና ዌብ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያንን 10 ሚሊዮን ዓመት ድራሹን አጠፉት! የባለ ሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ ሌዘር በሰከንድ 80 ሚሊዮን ጊዜ ብልጭ ይላል። አንዱ ብልጭታ 100 ፌምቶሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ፎቶኖቹ በዚያች ቅጽበት ተጨናንቀው ስለሚደርሱ ሁለቱ በአንዴ ይዋጣሉ። አንድ ፌምቶሰከንድ ከአንድ ሰከንድ ጋር ሲተያይ፣ አንድ ሰከንድ ከ32 ሚሊዮን ዓመት ጋር እንደ መተያየት ነው! ሌዘሩ በርቶ ሳለ እንኳ ከ125,000 እጅ 124,999ኙን ጊዜ ጨለማ ነው! ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ህዋስን የሚያበሩት ቀለሞች ዕድሜያቸው የተቆጠረ ነው! አንዲት የፍሎረሲን ሞለኪውል ከ30,000 እስከ 40,000 ፎቶን ሰጥታ ትነጣለች፤ ከዚያ ወዲያ አታበራም!

በተለመደው የሌዘር ማይክሮስኮፕ ጨረሩ ያለፈበት ሁሉ ይነጣል፣ ከላይም ከታችም። በሁለት ፎቶን ግን የሚነጣው ጨረሩ ያነጣጠረባት ነጥብ ብቻ ናት! ነጥቧ ግን ክፉኛ ትጎዳለች። የሌዘሩን ኃይል እጥፍ ቢያደርጉት ብርሃኑ አራት እጥፍ፣ መንጣቱ ደግሞ ስምንት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል!

የሃምስተር ጽንስ በተለመደው ሌዘር ለ8 ሰዓት ብቻ ቢታይ እድገቱ ይገታል። በሁለት ፎቶን 24 ሰዓት ሲታይ ውሎ ቢያድርም ማደጉን ይቀጥላል! ይህ በ1999 እ.ኤ.አ. ታየ።

ጽንሱን ከሚጎዱት አንዱ ምን ይመስልዎታል? ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ! ጸጉር የሚያነጣው፣ ቁስል የሚታጠብበት ያው ፈሳሽ፤ ብርሃኑ እዚያው ህዋሱ ውስጥ ያመርተዋል!

ሳይንቲስቱ ኤሪክ ቤትዚግ ደግሞ መንጣትን መሣሪያ አደረገው! ጥቂት ሞለኪውሎች ያበራል፣ ቦታቸውን ይመዘግባል፣ ያነጣቸዋል፣ ወደ ቀጣዮቹ ያልፋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ሆነ!

ወደ መቅደላ እንመለስ! በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ከአምባው ያወረደው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ነበር! ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ለንደን ገቡ፤ አብዛኞቹ ዛሬም እዚያው ናቸው!

ሙዚየሞች እንዲህ ላለ ብራና የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ ገደማ ነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ 2,000 እጥፍ! ቀዩ የሲናባር ቀለም ብርሃን ሲበዛበት አይነጣም፤ ይጠቁራል! የጸሐፊዎቻችን የጥቀርሻ ቀለም ግን ፀሐይን ከነመፈጠሯም አያውቃት፤ ካርቦን ስለሆነ አይደበዝዝም!

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚደንቀኝን ይስሙ! ብራና የሚሠራበት የፍየልና የበግ ቆዳ በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ያ የፌምቶሰከንድ ሌዘር ደህና ብራና ላይ ሲያርፍ፣ ለዓይን የማይታየው ጨረር የሞገድ ርዝመቱ ልክ በግማሽ አጥሮ ወደ ሰማያዊ ተለውጦ ይወጣል! ብራናው ተጎድቶ ወደ ጄላቲን ሲቀየር ይህ ብርሃን ይጠፋል፤ በምትኩ ፍሎረሰንት ብርሃን ይመጣል!

በ1944 እ.ኤ.አ. በጦርነት እሳት የተጎዱትን የሻርትር ከተማ ብራናዎች ጉዳት ፈረንሳዮች የለኩት እንዲህ ነው። አንድም ቁራጭ ሳይቆረጥ፣ አንድም ጠብታ ቀለም ሳይነካው! ከኮላጅን የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን የተዋጠ ፎቶን አይፈልግም፤ ስለዚህ የሚነጣ ነገር የለውም!